ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ ይበቃል ወይ? ሰው ሀገር ሲነዳ ስለሚያስፈልጉ ወረቀቶች

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «ሰላም ለሁላችሁ፣ በቅርቡ ለአንድ ወር ወደ ውጭ ሀገር እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት መኪና ተከራይቼ ነው የምነዳው፣ ከዛ እዛ የሚኖር ጓደኛዬ የራሱን መኪና ይሰጠኝና በሱ ድንበር ተሻግሬ ጎረቤት ሀገር ደርሼ እመለሳለሁ፣ እሱ ስራ ስላለበት አብሮኝ አይሄድም። ኢንተርኔት ላይ 10 አመት የሚያገለግል ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ በሁለት ቀን የሚልክ ድርጅት አግኝቻለሁ፣ ፕላስቲክ ካርድ ነው። እሱ ይበቃኛል ወይስ ሌላ የምይዘው ነገር አለ?»

ሰላም ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምርልህና፣ እዛ ድርጅት ጋር ገና ካልከፈልክ አትክፈል። 10 አመት የሚያገለግል ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፣ የትም ሀገር የለም። ከፍለህ ከሆነም ካርዱ ሲመጣልህ እቤት አስቀምጠው፣ ይዘኸው አትሂድ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ቦታ ፖሊስ እሱን ሲያይ እንደ ፎርጅድ ሰነድ ሊቆጥርብህ ይችላል፣ ያኔ ጉዳይህ «ወረቀት ጎደለው» መሆኑ ይቀርና ሀሰተኛ ሰነድ ይዞ የተገኘ ሰው ትሆናለህ። ሁለቱ ደግሞ በጣም ይለያያሉ።

እኔ ለአመታት የሰራሁት ከሀገር ሀገር የሚሻገሩ መኪኖችን ወረቀት ማዘጋጀት ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ደግሞ ኢንሹራንስ ውስጥ የአደጋ ፋይል እከታተል ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን አይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን ላሳየው?» ብሎ ነው። እሱ ቀላሉ ጥያቄ ነው። ትራፊኩ የሚያይህ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ወረቀትህን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መልካም መንገድ ብሎ ሊሸኝህ ይችላል፣ አንተም «ወረቀቴ ይሰራል ማለት ነው» ብለህ ደስ ይልሃል። ሰው ገጭተህ ወይ መኪና አጥፍተህ ፋይል ከተከፈተ ግን ያንኑ ወረቀት ቢሮ ቁጭ ብሎ ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው አለ፣ ጊዜም አለው፣ የሚፈልገውም ላለመክፈል ምክንያት ነው። እኔ ያ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልህን ሁሉ ለትራፊኩ ብለህ ሳይሆን ለዛ ሰው ብለህ አንብበው።

እሺ መንጃ ፈቃዱ። ኢንተርናሽናል የሚባለው ነገር በራሱ መንጃ ፈቃድ አይደለም፣ የያዝከው መንጃ ፈቃድ ትርጉም ነው በቃ። ግራጫ ሽፋን ያላት ትንሽ የወረቀት ደብተር ናት፣ ውስጧ ፎቶህና ስምህ አለ፣ የትኛውን አይነት መኪና መንዳት እንደምትችል በተለያየ ቋንቋ ተጽፎ ማህተም ተደርጎበታል። ዋናው መንጃ ፈቃድህ አብሮ ከሌለ እሷ ብቻዋን ዋጋ የላትም። ብዙ ሰው ዋናውን «እንዳይጠፋብኝ» ብሎ ሀገሩ ትቶ ደብተሯን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ ይሄ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደመንዳት ነው የሚቆጠረው።

የምትሰጠውም መንጃ ፈቃዱን በሰጠህ ሀገር ውስጥ ነው፣ መንግስት ራሱ ይሰጣል ወይም መንግስት የወከለው የአሽከርካሪዎች ማህበር ይሰጣል፣ ለምሳሌ አሜሪካ ኤ ኤ ኤ የሚባለው ማህበር ነው የሚሰጠው። የተባበሩት መንግስታት ራሱ ለማንም አይሰጥም፣ ስለዚህ ዌብሳይቱ ላይ የሱን አርማ ለጥፎ «በተባበሩት መንግስታት የጸደቀ» የሚልህ ካለ እዛው ላይ ዝጋው። ሌላው፣ ከሀገር ከወጣህ በኋላ የሄድክበት ሀገር አያወጣልህም፣ ስለዚህ ሳትወጣ ነው መጨረስ ያለብህ። ባወጣህበት ሀገር ውስጥ ደግሞ አይሰራም፣ እዛማ ዋናው አለልህ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ደብተሯ አንድ አይነት አይደለችም። በፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም ሁሉ እንደዛው) 1949 ጄኔቫ ላይ የተፈረመ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አለ፣ በ1968 ደግሞ ቪየና ላይ ሌላ ተፈርሟል። ከሁለቱ በፊት የ1926ቱ የፓሪስ ስምምነት ነበር፣ እሱን አሁን የሚጠይቁት በጣም ጥቂት ሀገሮች ናቸው። አንዳንዱ ሀገር የ1949ኙ አባል ነው፣ አንዳንዱ የ1968ቱ፣ አንዳንዱ የሁለቱም፣ አንዳንዱ የማንም። በ1949ኙ መሰረት የወጣችው አንድ አመት ነው የምታገለግለው፣ በ1968ቱ የወጣችው እስከ ሶስት አመት ድረስ ልትሄድ ትችላለች፣ ግን ዋናው መንጃ ፈቃድህ ቀድሞ ካበቃ እሷም አብራ ታበቃለች። 10 አመት ከየት እንደመጣ አሁን ገባህ? ከየትም አልመጣም።

ይሄ ልዩነት የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። ጃፓን የምትቀበለው የ1949ኙን ብቻ ነው። ጀርመን ደግሞ የ1949ኙ አባል ስላልሆነች የምትሰጠው ደብተር ጃፓን ላይ አይሰራም፣ ስለዚህ ጀርመናዊ ቱሪስት ጃፓን ላይ መንዳት ከፈለገ የጀርመን መንጃ ፈቃዱን በጃፓንኛ በይፋ አስተርጉሞ ነው የሚነዳው፣ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይም እንደዛው ነው። ጀርመን ያክል ሀገር የሰጠው ህጋዊ ደብተር ሆኖ ማለት ነው! ቻይና ደግሞ (ሆንግ ኮንግና ማካው ሳይቆጠሩ) የሁለቱም ስምምነቶች አባል አይደለችም፣ ስለዚህ እዛ የትኛውንም ደብተር ብትይዝ ዋጋ የለውም፣ እዛው ሄደህ ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት ነው ያለብህ። ስለዚህ ጥያቄው «ኢንተርናሽናል አለኝ ወይ» አይደለም፣ «የምሄድበት ሀገር የሚቀበለው አይነት ነው ወይ የያዝኩት» ነው። ሽፋኑ ላይ የትኛው ስምምነት እንደሆነ ከነቀኑ ተጽፎ ታገኘዋለህ። አንተ ሁለት ሀገር ስለምትነዳ ሁለቱንም ለየብቻ አረጋግጥ፣ ሁለት ደብተር ሊያስፈልግህም ይችላል፣ ይሄ ያጋጥማል።

ሁልጊዜ ግዴታ ነው ወይ ካልከኝ አይደለም። በአውሮፓ ህብረት ውስጥ ያንዱ ሀገር መንጃ ፈቃድ ሌላው ጋር ያለ ምንም ደብተር ይሰራል። እንግሊዝም ለጉብኝት የመጣ ሰው የሀገሩን መንጃ ፈቃድ ይዞ ትንንሽ መኪና እስከ 12 ወር ሊነዳ ይችላል። አሜሪካ ደግሞ እንደየስቴቱ ነው፣ አንዱ ስቴት የማይጠይቀውን ሌላው ይጠይቃል። ግን ተጠንቀቅ፣ ህጉ ባይጠይቅም አከራይ ድርጅቱ በራሱ ውል ሊጠይቅ ይችላል፣ ውሉን ፈርመህ ደብተሯን ካልያዝክ ውል አፈረስክ ማለት ነው። መንጃ ፈቃድህ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ ደግሞ ክርክር ውስጥ አትግባ፣ ግዴታ እንደሆነ ቁጠረውና አውጣ። ቀኑ በሌላ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ላይ የሚመዘግበው ልጅ ቁጥሩን እንዳለ አይቶ «ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል» ሊልህ ይችላል፣ ያልታደሰ አስመስሎ ማለት ነው፣ አንተ ደግሞ ጠረጴዛው ፊት ቆመህ የካላንደር ትምህርት ስታስተምር ወረፋው ከኋላህ ይረዝማል።

የስም ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰው የሚያበላሸው እሱን ነው። ስማችን በሌላ ፊደል የሚጻፍ ሰዎች ወደ ላቲን ስንቀይረው አንዱ ቢሮ አንድ ፊደል ይደርባል ሌላው አይደርብም፣ አንዱ የአያትን ስም ይጨምራል ሌላው በአባት ያቆማል። ፓስፖርቱ ላይ ሶስት ስም፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሁለት፣ ደብተሯ ላይ ደግሞ የአባትህ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። ላንተ ያው ሰው ነህ። ኮምፒውተር ላይ ግን ሶስት ሰው ነህ። ደብተሯን ስታወጣ ስምህ ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል እንዲጻፍ ንገራቸው፣ የኪራይ ቡኪንጉንም የአየር ቲኬቱንም የኢንሹራንሱንም በዛው አጻጻፍ አድርግ። ፋይል ሳይ በአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ «የተመዘገበው ሾፌር ይሄ ሰው መሆኑ ይረጋገጥልን» ተብሎ ወራት የቆየ ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) አውቃለሁ፣ ያውም ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም፣ ከኋላ መጥተው ነው የገጩት።

ዋናውን መንጃ ፈቃድም አገላብጠህ እየው። እስክትመለስ ድረስ ያገለግላል? ካንተ ጉዞ መሀል የሚያበቃ ከሆነ አሁኑኑ አሳድስ። የለማጅ ፈቃድ ከሆነ እርሳው፣ ድንበር አይሻገርም። አንዳንድ መንጃ ፈቃድ ላይ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ ማንም የማያነባቸው፣ ለምሳሌ አውሮፓ ውስጥ 01 ካለ መነጽር አድርገህ ነው የምትነዳው ማለት ነው፣ 78 ካለ ደግሞ አውቶማቲክ ብቻ። በአውቶማቲክ የተገደበ ሰው ማንዋል ተከራይቶ ከነዳ ያለ ፈቃድ እንደነዳ ነው፣ አከራዩ ቁልፉን ስለሰጠው ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ለጎብኚ ነው። ነዋሪ ከሆንክ ጨዋታው ሌላ ነው። አንድ ወር ስለምትቆይ አንተን አይመለከትህም ግን ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰው ስለሚኖር ልጨምር፣ መኖሪያ ፈቃድ አውጥተህ ከተቀመጥክ የውጭ መንጃ ፈቃድህ እድሜው ይቆጠራል፣ ጀርመን ከአውሮፓ ውጭ ለወጣ መንጃ ፈቃድ ስድስት ወር ነው፣ እንግሊዝ 12 ወር። ኢንተርናሽናሏን በየአመቱ እያሳደስኩ እነዳለሁ ብሎ አመታት የኖረ ሰው አጋጥሞኛል፣ የሚገርመው በዛ ሁሉ ጊዜ ትራፊክ አራት አምስት ጊዜ አስቁሞት አሳልፎታል። የተነቃበት አደጋ የደረሰ ቀን ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ፣ ያንተ ጥያቄ ውስጥ ከባዱ ክፍል እሱ ነው፣ የጓደኛህ መኪና።

ድንበር ላይ ያለው ሰው በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ «ይሄ መኪና ተሰርቆ ይሆን?» እውነቱን ነው፣ የተሰረቀ መኪና የሚወጣው በድንበር ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ያንተ አይደለም፣ ባለቤቱ መኪናው ውስጥ የለም፣ አንተ ደግሞ የሀገሩ ሰው አይደለህም። «ጓደኛዬ ነው፣ ልደውልልህ?» ማለት አይሰራም። ስለዚህ ሊብሬው ዋናው፣ ኮፒ ሳይሆን ዋናው፣ አብሮህ ይሁን፣ ከሱ ጋር ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ የባለቤቱ ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ያንተ ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የታርጋ ቁጥሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የትኞቹ ሀገሮች ውስጥ መንዳት እንደተፈቀደልህ፣ የሱ ፊርማ። ኖተሪ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ቢሮ) ዘንድ ሄዶ ቢፈርመው በጣም ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ሀገር ያለዛ አይቀበልም። በምትሄድበት ሀገር ቋንቋም ካልሆነም በእንግሊዝኛ ትርጉም ይኑረው። የጓደኛህን መታወቂያ ኮፒ አብረህ ስቴፕል አድርገው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና መኪናው ላይ የተመታው አንድ መሆኑንም ራስህ ዝቅ ብለህ እይ፣ ወረቀቱን ሲሞሉ ቁጥር ያሳሳቱበት መኪና ብዙ ነው፣ ባለቤቱ አመታት ነድቶት ሳያውቀው ይኖራል፣ የሚታወቀው ድንበር ላይ ነው።

መኪናው በብድር የተገዛ ወይም ሊዝ (ለረጅም ጊዜ በኪራይ የተወሰደ) ከሆነ ደግሞ ጓደኛህ ብቻውን ሊፈቅድልህ አይችልም። ባንኩ ወይም የሊዝ ድርጅቱ ነው ከሀገር እንዲወጣ በጽሁፍ የሚፈቅደው። እንግሊዝ ውስጥ ለተከራየና ለሊዝ መኪና በሊብሬው ቦታ ቪ ኢ 103 የሚባል ሰርተፊኬት ይሰጣሉ፣ እሱን ይዞ ነው የሚወጣው። ደቡብ አፍሪካም የባንክ እዳ ያለበት መኪና ወደ ጎረቤት ሲሻገር የባንኩ ደብዳቤ ይጠየቃል። ስለዚህ ጓደኛህን ዛሬውኑ ጠይቀው፣ «መኪናህ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው?» በለው፣ ቅር አይበለው፣ የማይጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ጉምሩክ አለ። መኪና ስትሻገር መኪናው በራሱ እንደ እቃ ነው፣ ቀረጥ ሊከፈልበት የሚገባ እቃ። ሳትከፍል የምትገባው በጊዜያዊነት ስለሆነ ነው፣ ይዘኸው እንደምትወጣ ታምነህ ማለት ነው። ይሄን እምነት እያንዳንዱ ሀገር በራሱ መንገድ ያረጋግጣል። አንዳንዱ ጋር ምንም አትጠየቅም፣ አንዳንዱ ኬላው ላይ ጊዜያዊ የማስገቢያ ወረቀት ይሰጥሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ካርኔ የሚባል ደብተር ይጠይቃል፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። የአውሮፓ ህብረት ከህብረቱ ውጭ የተመዘገበን መኪና ያለ ቀረጥ እስከ ስድስት ወር ያስገባል፣ ግን በመሰረቱ ከህብረቱ ውጭ ለሚኖር ሰው ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ እዛው የሚኖር ሰው የዘመዱን የውጭ ታርጋ መኪና ተቀብሎ ሲነዳ ጉምሩክ ይዞ ቀረጥና ቅጣት ሊጠይቀው ይችላል፣ ሰውየው ደግሞ «ለግማሽ ሰአት ሱቅ ደርሼ ልመጣ ነው እኮ» ይላል። አንተ ጎብኚ ስለሆንክ በዚህ አትያዝም፣ ግን ጎረቤት ሀገር ያሉ ዘመዶችህ «እስቲ እንሞክረው» ሲሉህ ቁልፉን አትስጥ። ክፉ ሁን፣ ይሻላል።

ካርኔ ያልኩህ፣ ሙሉ ስሙ ካርኔ ደ ፓሳዥ አን ዱዋን ነው፣ የመኪና ፓስፖርት በለው። የአሽከርካሪ ማህበሮች ናቸው የሚሰጡት፣ ከጀርባው አለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን አለ፣ ማህበሩም ላንተ መኪና ቀረጥ ዋስ ይሆናል፣ ለዛ ደግሞ ካንተ ዲፖዚት ወይም የባንክ ዋስትና ይወስዳል፣ ገንዘቡ እንደ መኪናው ዋጋና እንደምትሄድበት ሀገር ነው። ህንድና ፓኪስታን ከሚጠይቁት ውስጥ ናቸው። ቢበዛ አንድ አመት ነው የሚያገለግለው። እያንዳንዱ ገጽ ሶስት ቦታ የተከፈለ ነው፣ ስትገባ ጉምሩኩ ማህተም መቶ አንዱን ቀድዶ ያስቀራል፣ ስትወጣ ሌላውን ቀድዶ ያስቀራል፣ ጉርዱ ሁለቱም ማህተም ይዞ ካንተ ጋር ይመለሳል። ዋናው ነገር የመውጫው ማህተም ነው። አንድ ደንበኛዬ ሲወጣ ሌሊት ነበር፣ ኬላው ላይ የነበረው ሰው «ሂድ ሂድ» ብሎ በእጁ አሳለፈው፣ እሱም ደክሞት ስለነበር ተገላገልኩ ብሎ ሄደ። መኪናው ሀገሩ ገብቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እያለ በወረቀት ግን አሁንም እዛ ሀገር ውስጥ ነው፣ የቀረጥ ጥያቄ መጣበት። መኪናው መመለሱን ሀገሩ ያለ ጉምሩክ በአይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥለት አድርገን ነው የጨረስነው፣ ስንት ደብዳቤ ከተጻጻፍን በኋላ። ስለዚህ ማህተሙን ሳታይ ከመስኮቱ አትነሳ፣ «ነገ ይደረጋል» ቢሉህም አትነሳ። ካርኔ የማያስፈልግበት ሀገር ቢሆንም ስትገባ የተሰጠህን ጊዜያዊ ወረቀት ስትወጣ አዘግተህ ነው የምትወጣው፣ ነገሩ ያው ነው።

ኢንሹራንስ። የጓደኛህ ኢንሹራንስ አንተን ይሸፍናል ወይ? ድንበር ማዶ ይሰራል ወይ? ሁለት ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ለየብቻ መልስ ይፈልጋሉ። አንዳንድ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ማንም ፈቃድ ያለው ሰው ቢነዳ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ስሙ የተጻፈ ሾፌር ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ እድሜ በታች ወይም ከዚህ አመት ልምድ በታች ከሆነ አይሸፍንም። ጓደኛህ ደውሎ ስምህን ያስገባና ማረጋገጫውን በጽሁፍ ያምጣ። «ደውዬ ነበር፣ ችግር የለም አሉኝ» የሚል ማስረጃ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ድንበር ለመሻገር ደግሞ የሶስተኛ ወገን ሽፋኑ ማዶ እንደሚሰራ የሚያሳይ ካርድ አለ። አውሮፓና በዙሪያዋ ያሉ ሀገሮች ግሪን ካርድ ይሉታል፣ ከ1953 ጀምሮ ያለ ነው፣ ስሙ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ከ2020 ወዲህ በነጭ ወረቀት ፕሪንት ተደርጎም ይሰራል፣ ስለዚህ ነጭ ነው ብለህ አትደንግጥ። ካርዱ ላይ የሀገሮች ምህጻር በሳጥን በሳጥን ተደርድሯል፣ የምትሄድበት ሀገር ሳጥን ላይ ኤክስ ከተደረገበት እዛ አይሰራም ማለት ነው፣ ሰው ካርዱን ይይዝና ሳጥኑን አያይም። በአውሮፓ ህብረት ውስጥ ካንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ካርዱ አይጠየቅም፣ ታርጋው ራሱ ይበቃል። በአፍሪካ ምስራቅና ደቡባዊ ክፍል ያሉ የኮሜሳ (የጋራ ገበያው) አባል ሀገሮች ቢጫ ካርድ አላቸው፣ በ1986 በተፈረመ ፕሮቶኮል የመጣ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች ማህበር ኤኮዋስ ቡናማ ካርድ አለው፣ አረብ ሀገሮች ብርቱካናማ። ቀለሙ ይለያይ እንጂ ሃሳቡ አንድ ነው፣ አንተ ማዶ ሰው ብትጎዳ እዛ ሀገር ያለ ቢሮ ጉዳዩን ተቀብሎ ለተጎጂው ይከፍላል፣ ከዛ ካንተ ኢንሹራንስ ያስመልሳል። ካርድ በሌለበት ደግሞ ድንበሩ ላይ የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ትገዛለህ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይግባህ፣ እነዚህ ካርዶች የሶስተኛ ወገን ናቸው፣ ማለትም አንተ ለጎዳኸው ሰው ነው። የምትነዳው መኪና ላይ ለሚደርሰው ጉዳት አይደለም። የጓደኛህ ፖሊሲ ሙሉ ሽፋን ቢሆን እንኳ ሙሉው ማዶ ይከተለዋል ወይ ብለህ መጠየቅ አለብህ፣ ብዙ ጊዜ አይከተለውም ወይም ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው። እና መጀመሪያ ላይ ያልኩህ እዚህ ይገናኛል። መንጃ ፈቃድህ እዛ ሀገር ዋጋ ከሌለው፣ ብዙ ቦታ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው መክፈሉ አይቀርም፣ ተጎጂው ምን አጠፋ? ከከፈለ በኋላ ግን ዞሮ አንተን ሊጠይቅህ ይችላል፣ የመኪናውን ጉዳት ደግሞ ጭራሽ ላይከፍል ይችላል። ትራፊክ ያሳለፈህ መንጃ ፈቃድ ማለት ያ ነው።

የኪራዩ ሳምንት ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። ፓስፖርት፣ ዋናው መንጃ ፈቃድ፣ ደብተሯ፣ በራስህ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ (የወንድምህ አይሆንም፣ ዴቢት ካርድንም ብዙ ቦታ አይቀበሉም)። ብዙዎቹ መንጃ ፈቃዱ ቢያንስ አንድ አመት እንዲሞላው ይፈልጋሉ፣ እድሜህ ከ25 በታች ከሆነ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ሌላ ሰው የሚነዳ ከሆነ ስሙ ውሉ ላይ ይግባ። በኪራይ መኪና ድንበር መሻገር ካማረህ አስቀድመህ ጠይቅና ውሉ ላይ አስጽፍ፣ ብዙ ድርጅት አይፈቅድም፣ የሚፈቅደውም የራሱን የድንበር ደብዳቤ ይሰጥሃል፣ ያለሱ ከሄድክ ኢንሹራንሱ ድንበሩ ላይ ይቀራል። ስትነሳ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጽ። ሁሉም ሰው ይሄን ያውቃል ማንም ግን አያደርገውም።

ትንንሾቹ ነገሮች፦ መኪናው የየት ሀገር እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት፣ በቪየናው ስምምነት ነጭ ሞላላ ላይ ጥቁር ፊደል ነው፣ ፊደሉ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ቁመት። የእንግሊዝ መኪኖች ከመስከረም 2021 መጨረሻ ጀምሮ ጂ ቢ የሚለውን ትተው ዩ ኬ መለጠፍ አለባቸው፣ አሮጌውን ይዘው የሚዞሩ አሁንም አሉ። አንዳንድ ሀገር ደግሞ የአውራ መንገድ ክፍያ በስቲከር ወይም በታርጋ ቁጥር ኦንላይን ነው፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ስሎቬኒያ፣ ሀንጋሪ። ስዊዘርላንድ የአመት ብቻ ነው ያላት፣ 40 ፍራንክ፣ ለአንድ ቀን ብታልፍም ያው ነው። ኦንላይን ስትገዛ የታርጋውን ኦ ፊደልና ዜሮ እንዳታምታታ፣ አምታተህ ከገዛህ አልገዛህም። የጀርመንና የፈረንሳይ ከተሞች ውስጥ ደግሞ የጭስ ደረጃ ስቲከር የሚጠይቁ አሉ። የቴክኒክ ምርመራ ወረቀቱም ጊዜው ያላለፈበት ይሁን፣ ጓደኛህን ጠይቀው።

ሁሉንም ዋና ዋናውን ነው የምትይዘው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብዙ ሀገር አይቀበልም፣ ለመጠባበቂያ ግን አንሳው፣ ኢሜልህ ውስጥም አስቀምጠው። እና ዋናዎቹን መኪናው ኪስ ውስጥ ትተህ አትውረድ፣ ሌባ መኪናውን ከነሊብሬው ከወሰደው ለፖሊስ የምታሳየው ምንም አይኖርህም። የአደጋ መሙያ ቅጽም ከጓደኛህ ኢንሹራንስ ጠይቀህ ያዝ፣ አውሮፓ ውስጥ ሁለቱ ሾፌሮች አብረው የሚሞሉት ቅጽ አለ፣ በየቋንቋው ጥያቄዎቹ በአንድ ቅደም ተከተል ስለሆኑ የሰውየውን ቋንቋ ባታውቅም ትሞላዋለህ፣ ግን የማይገባህ ነገር ላይ አትፈርም።

ሀገሮቹን ስላልጠቀስክ ነው በጥቅሉ የጻፍኩት። አሁን ባንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምደውለው ለጓደኛዬ ነው፣ ሶስት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ መኪናው እዳ አለበት ወይ፣ ኢንሹራንሱ እኔን ይጨምራል ወይ፣ ማዶ ይሰራል ወይ። ከሶስቱ አንዱ እንኳ ካልተስተካከለ የሱን መኪና ትቼ ድንበር የሚያሻግር የኪራይ መኪና ነው የምፈልገው፣ ውድ ቢሆንም። ከዛ መንጃ ፈቃዴን ይዤ ኢንተርናሽናሏን ወደምትሰጠው መስሪያ ቤት። ሁለቱን ሀገሮች ጻፍልኝና የትኛውን ስምምነት እንደሚቀበሉ እነግርሃለሁ፣ መንጃ ፈቃድህ የየት ሀገር እንደሆነም ጨምርበት።